ኳስ ለቃሚው ሰውዬና እኛ የምንደብቀው ወሬ



ዛሬ የምጽፈው ስለ ቤዝቦል ነው። አትሳቁ። ናይሮቢ ተቀምጦ ስለ አሜሪካኖች ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ሥራ የፈታ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጉዳዩ የኛው ጉዳይ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የተመታችው ኳስ ብዙ ጊዜ ከሜዳው ወጥታ ተመልካቹ መሐል ትወድቃለች። እኛ በምናውቀው እግር ኳስ ኳሱ ወደ ተመልካች ሲመጣ መልሰን እንወረውራለን። በቤዝቦል ግን የያዛት ሰው ይዟት ቤቱ ይገባል። ማንም መልስ አይለውም። ዴንቨር፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፤ እዚያ የሚያድጉ ልጆቻችን ስታዲየም ሲገቡ ለምን የቆዳ ጓንት ይዘው እንደሚሄዱ ይነግሯችኋል። ኳስ ለመያዝ ነው።

ኳሷ ትንሽ ናት፤ ክብደቷ 145 ግራም ገደማ ነው። ነጭ ቆዳዋ በቀይ ክር 108 ድርብ ስፌት ተሰፍቷል፤ ያውም ኮስታ ሪካ ውስጥ በሰው እጅ። ለዚህች ኳስ ሲባል ሰው ወንበር ይዘላል፣ ይጋፋል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል።

ኳሱን ይዞ መሄድ ግን ከጥንት የነበረ መብት አይደለም። ድሮ ኳስ ውድ ዕቃ ስለነበረች የቡድን ባለቤቶች በተመልካች እጅ የገባችውን በሠራተኞቻቸው እያስለቀሙ ያስመልሱ ነበር። አንዷን ኳስ ጠቁራ ቅርጿ እስኪጠፋ ድረስ ይጫወቱባታል። በ1920 ሬይ ቻፕማን የተባለ ተጫዋች የተወረወረች ኳስ ጭንቅላቱን መትታው ሞተ። ከዚያ በኋላ የቆሸሸች ኳስ ቶሎ እንድትቀየር መደረግ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ ሩበን በርማን የተባለ ተመልካች እጁ የገባችውን ኳስ አልመልስም አለ። ከስታዲየሙ አስወጡት። እሱም ዝም አላለም፣ ቡድኑን ከሰሰ። የጠየቀው ካሣ 20,000 ዶላር ነበር፤ የተፈረደለት 100 ዶላር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ፍርዱም ስለ ደረሰበት ውርደት እንጂ ኳሷ የማን ናት ለሚለው ብዙ መልስ የሰጠ አይደለም። ቢሆንም ኳስ ያዝክ ብሎ ሰው ማንገላታት እንደሚያስከፍል ባለቤቶቹ ተማሩ። ልማዱም ቀስ በቀስ ተለወጠ። ዛሬ አንድ ሕፃን ኳስ ይዞ ፈገግ ሲል የምታዩት ትናንት አንድ ሰው «እምቢ» ስላለ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ ልምጣ። ዛክ ሃምፕል ይባላል፣ የኒው ዮርክ ልጅ ነው። ከ1990 ጀምሮ በየስታዲየሙ እየዞረ ከ10,000 በላይ ኳሶች ሰብስቧል። አዎ፣ አሥር ሺህ። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስታዲየም ተመላልሶ አንዲትም አያገኝም።

ይህ ሰው እንዴት አገኘ? ዕድል ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በር ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾች ምት ሲለማመዱ በርካታ ኳሶች ወደ ወንበሮቹ እንደሚበሩ ያውቃል፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ተመልካች ገና መንገድ ላይ ነው። የትኛው ተጫዋች በየት በኩል እንደሚመታ አጥንቶ ይቆማል። የሁለቱንም ቡድን ኮፍያ ይዞ ይሄድና እንግዳው ቡድን ሲለማመድ የእንግዳውን ያጠልቃል፤ ተጫዋች የራሱን ደጋፊ ሲያይ ኳስ መወርወር ይቀናዋልና። ከስፓኒሽ ተናጋሪው በስፓኒሽ፣ ከጃፓናዊው በጃፓንኛ ይለምናል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የምንለው እኛ ነን፤ የሚሠራበት ግን እሱ ነው። ኳስ ከአጥር ሥር ወድቃ እጅ የማይደርስባት ከሆነ ደግሞ ጓንቱን በገመድ ያስራል፣ አፉን በእስክርቢቶ ከፍቶ በላስቲክ ይወጥረዋል፣ ከላይ ያወርደውና ኳሷን ጎርሶ ይወጣል። ይህን የሚከለክሉ ስታዲየሞችም አሉ።

እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሰውዬው ገና ወጣት ሳለ፣ በ1999፣ ይህን ሁሉ ብልሃት በመጽሐፍ ጽፎ አሳተመው። የት መቆም፣ መቼ መግባት፣ እንዴት መጠየቅ፣ ገመዱን እንዴት ማሰር። በራሱ እጅ ተቀናቃኝ ፈጠረ ማለት ነው። ያነበበ ሁሉ በማግስቱ አጠገቡ መጥቶ ይቆማል። እሱ ግን ከዚያም በኋላ ሺህ በሺህ ላይ ጨምሯል።

የሚወቅሱት ብዙ ናቸው። «ትልቅ ሰው ሆኖ ከሕፃናት ጋር ኳስ ይሻማል» ይሉታል። እሱ ደግሞ ለልጆች ብዙ ኳስ እንደሚሰጥ ይናገራል። በ2016 ፎርት ብራግ በተባለ የጦር ሰፈር ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ተብሎ የተዘጋጀ ጨዋታ ላይ ትኬት ፈልጎ በመግባቱ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ እሱም በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በሌላ በኩል በ2015 አሌክስ ሮድሪጌዝ 3,000ኛ ምቱን ሲመታ ኳሷ በዚሁ ሰውዬ እጅ ገባች። ኳሷን ለተጫዋቹ ሲመልስ የያንኪስ ቡድን ለችግረኛ ልጆች የቤዝቦል ዕቃ ለሚያከፋፍል ድርጅት 150,000 ዶላር ለመስጠት ተስማማ።

የኔ አስተያየት ይኸው ነው። ቀድሞ መምጣት፣ ማጥናት፣ ቋንቋ መማር ሌብነት አይደለም። ለሌላ ሰው በስሙ የተያዘ ቦታ ላይ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አውቆ መናገርና አውቆ መደበቅ ሰማይና ምድር ናቸው።

እዚህ ላይ ነው የኛ ነገር የሚመጣው።

በኛ መሐልም ኳስ የሚለቅሙ አሉ። የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛው ቢሮ በየትኛው ቀን አዲስ ሰው እንደሚቀበል፣ መታወቂያ ለማደስ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ፣ የነፃ ሕግ ምክር የት እንደሚገኝ የሚያውቁ። በማወቃቸው አልወቅሳቸውም። ተሰልፈው፣ ተመላልሰው፣ ፀሐይ ተመትተው ያወቁት ነው። የምወቅሰው ዝምታውን ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ልጅ የዳፊን የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ወሬ የሰማችው ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነው። ማስታወቂያውን አስቀድማ ያየች ጎረቤት ነበረቻት፤ እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ቧንቧ የሚቀዱ። «ለምን አልነገርሻትም?» ስትባል «እኔንስ ማን ነገረኝ?» አለች። ይህ መልስ ከምንም በላይ አመመኝ። እኛ የተበደልነውን ለሌላው ማውረስ ፍትሕ መስሎናል።

ዝምታው ባለበት ደግሞ ደላላ ይመጣል። ሰው የማያውቀውን ይገዛልና። በነፃ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይሸጥለታል፣ በነፃ የሚሞላ ፎርም ይሸጥለታል፣ የሌለ «ፕሮሰስ» ይሸጥለታል። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ ነፃ ነው። ከምዝገባ እስከ ሪሴትልመንት አንድ ሽልንግ አይከፈልበትም። ይህን በየሳምንቱ እጽፋለሁ፤ አሁንም በየሳምንቱ የተበላ ሰው ይደውልልኛል።

«ሰውዬውስ መጽሐፉን ሸጦ የለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሸጧል። ግን መጽሐፍ አንዱ ገዝቶ ለአሥር ያውሰዋል፤ የተጻፈውም እውነት ይሁን ውሸት ስታዲየም ገብቶ ይፈተናል። ደላላ የሚሸጥልህ «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ነው። ልዩነቱ እዚያ ጋ ነው። ለማንም እንዳትናገር ከተባልክ እየተበላህ እንደሆነ እወቅ።

«ብናገር ዕድሌን ይወስዱብኛል» የሚለው ፍርሃትስ? ይህንን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ምክንያቱም የኛ ሜዳ እንደ አሜሪካው አይደለም። እዚያ 30 ቡድኖች አሉ፣ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር በሜዳው 81 ጊዜ ይጫወታል፣ ኳስ እንደ ዝናብ ነው። እኛ ጋ ግን ከዓለም ስደተኞች በዓመት ሪሴትልመንት የሚያገኙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ጥቂት ነው። ነገር ግን አስቡት፤ ሪሴትልመንት ቀድሞ ለሰማ የሚሰጥ አይደለም፣ የሚታየው የእያንዳንዱ ሰው ችግርና አደጋ ነው። ለጎረቤትህ ብትነግር የአንተ ኬዝ አይቀንስም። ስኮላርሺፕም በውጤትና በማመልከቻ ነው። የመታወቂያ እድሳት፣ ክሊኒክ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ደግሞ ለአንዱ ሲነገር ከሌላው የሚጎድል ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የምንደብቀው የማያልቀውን ነገር ነው።

ተሻምቶ መያዝስ ምን ያመጣል? በ2001 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባሪ ቦንድስ በዓመቱ 73ኛውን ሆም ራን ሲመታ አንድ ሰው ኳሷን በጓንቱ ተቀበላት። ወዲያው ሕዝብ ተረባረበበት፣ ወደቀ፣ ኳሷ ከእጁ ወጣች። እዚያው መሬት ላይ የነበረ ሌላ ሰው አነሳት። ተካሰሱ። ዳኛው በ2002 መጨረሻ ላይ ሁለቱም መብት አላቸው፣ ይሸጥና እኩል ይካፈሉ ብሎ ፈረደ። ከሚሊዮን ዶላር በላይ ታወጣለች የተባለችው ኳስ በ450,000 ዶላር ተሸጠች። የመጀመሪያው ሰው ጠበቃው የጠየቀው ሂሳብ ከድርሻው በላይ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። መጨረሻው መካፈል ከሆነ፣ ከመረባረቡ በፊት ቢሆን ምን ነበረበት?

ስለዚህ ወገኖቼ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ማስታወቂያ ስታዩ ፎቶ አንሱና የግቢያችሁ ሰዎች ሁሉ በሚያዩት ቦታ ለጥፉ። ቀኑን፣ ቦታውንና የሚያስፈልገውን ወረቀት ጻፉ። «ሰማሁ» ከሆነ ሰማሁ በሉ፤ «አየሁ» ከሆነ አየሁ በሉ፤ ወሬና እውነት አይደባለቅ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ላሉበት ቤት ገብታችሁ በቃል ንገሩ። አሜሪካ፣ ካናዳና አውሮፓ የገባችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ ብር መላካችሁን እናመሰግናለን፤ ከብሩ ጋር ኢንተርቪው ላይ ምን እንደተጠየቃችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደጠበቃችሁ፣ ማን ሊያታልላችሁ እንደሞከረ በእውነት ንገሩን። እናንተ በሩን አልፋችሁታል፤ የበሩን አከፋፈት መንገር አያስጎድላችሁም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለው አባቶቻችን ጨርሰውታል።

የምታውቁትን ቀን ወይም ቦታ ዛሬውኑ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ጻፉ። እኔም እጀምራለሁ፤ ማታ የዚህን ወር ቀኖች አጣርቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።

በቸር ያቆየን።