መጀመሪያ ከሥር ያለው ይነበብ



ለመሆኑ ግራፍ ሥዕል ነው ወይስ ጽሑፍ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ነገ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆም እኛ መልሱን ካሁኑ ካልለየን፣ ለተማሪዎቻችን የምናወርሳቸው ዕውቀት ሳይሆን ስሕተት ይሆናል። ይህን የምለው በተለይ የሞገድን ግራፍ በሚመለከት ነው።

ሞገድ ሲባል የሁላችንም እጅ ወዲያው አንድ መስመር ይሥላል፤ ወጣ ወረድ፣ ወጣ ወረድ የሚል መስመር። ከላይ «ጉብታ»፣ ከታች «ጎድጓዳ»፣ ከጉብታ እስከ ጉብታ «የሞገድ ርዝመት» ብለን እንጽፍበታለን። ፈተና ላይም ነጥብ ያስገኛል። ግን ከመስመሩ ሥር፣ አግድሙ ዘንግ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ስንቶቻችን ነን የምናየው? ቁም ነገሩ እኮ ያለው እዚያ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ልጆች አንድ ረጅም ገመድ በሁለት ጫፍ ይያዙ። አንደኛው ዝም ብሎ ይያዝ፤ ሌላው እጁን በሴኮንድ 2 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዝ። ሞገዱ ከወዲያኛው ጫፍ ደርሶ ከመመለሱ በፊት ገመዱን ብናየው፣ ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ጉብታ 2 ሜትር ሆነ እንበል።

አሁን ይህንኑ ገመድ በሁለት መንገድ ወረቀት ላይ ማስፈር እንችላለን። አንደኛው ገመዱን በሙሉ በአንዲት ቅጽበት ፎቶግራፍ እንደ ማንሣት ነው። የዚህ ግራፍ አግድም ዘንግ ርቀት ነው፤ በሜትር ይለካል። ሁለተኛው ገመዱ ላይ አንድ ቦታ ቀይ ክር አስረን፣ ሌላውን ሁሉ ትተን፣ ያ ክር ብቻ በየቅጽበቱ የት እንደ ነበረ መመዝገብ ነው። የዚህኛው አግድም ዘንግ ጊዜ ነው፤ በሴኮንድ ይለካል። ሁለቱ ግራፎች ተሠርተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደ መንታ ልጆች ይመሳሰላሉ። የሚናገሩት ግን ለየቅል ነው። በመጀመሪያው ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለው 2 ሜትር፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት ነው። በሁለተኛው ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለው ግማሽ ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የሞገዱን ፍጥነት ለማግኘት ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ 2 ሜትር ለ0.5 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 4 ሜትር ይሆናል። ከአንዱ ግራፍ ብቻ ፍጥነት አገኘሁ የሚል ካለ አግድሙን አላነበበም ማለት ነው።

ልዩነቱ የቃላት ነው የሚል ቢኖር አንድ ጥያቄ ይሞክር። ሞገዱ ወደ ቀኝ ይሄዳል እንበል። ከጉብታው በስተቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ መስመሩ ላይ አንድ ነጥብ ተደርጓል። በዚያ ነጥብ ያለው ገመድ ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል? አግድሙ ርቀት ከሆነ ጉብታው ወደ ነጥቡ እየመጣ ነውና ገመዱ ወደ ላይ ይነሣል። አግድሙ ጊዜ ከሆነ ግን ጉብታው አልፏል፤ ክሩ ወደ ታች እየወረደ ነው። መስመሩ ያው፣ ነጥቡ ያው፣ መልሱ ግን ተቃራኒ! ሁለቱንም ጊዜ ቀዩ ክር ካለበት ቦታ ከፍ ዝቅ አለ እንጂ ከሞገዱ ጋር ወደ ቀኝ አልተጓዘም። መስመሩን እንደ ሥዕል የሚያይ ተማሪ ግን ክሩ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን የሚወርድ መንገደኛ ይመስለዋል።

ነገሩ ከክፍል ውጪም ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ያለውን ንዝረት ሳይዝሞግራፍ የተባለው መሣሪያ በመስመር ይመዘግባል። ያ መስመር የመሬቱ ቅርጽ አይደለም፤ መሣሪያው የተተከለበት አንድ ቦታ በየሴኮንዱ እንዴት እንደ ተነቃነቀ የሚናገር ነው፤ ልክ እንደ ቀዩ ክር። መጀመሪያ ፈጣኑ ፒ ሞገድ፣ ቀጥሎ ዘግየት የሚለው ኤስ ሞገድ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 20 ሴኮንድ ቢሆን፣ ለቅርብ መንቀጥቀጥ በሚያገለግለው ግምት እያንዳንዱ ሴኮንድ በ8 ኪሎ ሜትር ገደማ ተባዝቶ ምንጩ 160 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ ይታወቃል። አግድሙ ጊዜ መሆኑን ያላወቀ ሰው ግን መስመሩን በማስመሪያ ሲለካ ይውላል እንጂ ምንም አያገኝበትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የማስተማር ልምምድ ስናደርግ የሞገድን ግራፍ ሰሌዳ ላይ የሚሥል ሠልጣኝ ሁሉ መስመሩን ከመሣሉ በፊት ሁለቱን ዘንጎች ከነመለኪያቸው ይጻፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎም ያንብብ። ሁለተኛ፣ ግራፉ ከመምጣቱ በፊት ገመዱ ይምጣ። ተማሪው ቀዩን ክር በዓይኑ ሲያይ ግማሹን ትምህርት ጨረሰ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን ፈተና ሲያወጡ ሁለቱን መንታ ግራፎች ጎን ለጎን አድርገው ልዩነታቸውን ይጠይቁን። ፈተና ላይ የማይጠየቅ ነገር እንደማይጠና እናውቃለንና።

«መሣሪያ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። የላቦራቶሪ ዕቃ እጥረት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ገመድና አንድ ጥማድ ክር የማይገኝበት ቀበሌ የለም። «ጊዜ የለም፣ የትምህርቱ ይዘት ብዙ ነው» የሚለው ክርክር ይበልጥ ሚዛን ይደፋል። መምህር ምዕራፍ መጨረስ አለበት። ቢሆንም በገመዱ ላይ የሚጠፋው አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ኋላ ስለ ድምፅ ስናስተምር ይካሳል። የድምፅ ሞገድ ሲሣል ወጣ ወረድ ይላል፤ አየሩ ግን ድምፁ በሚሄድበት አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ እንደ ገመዱ ወደ ላይና ወደ ታች አይወዛወዝም። ግራፍ ሥዕል አለመሆኑን አስቀድሞ የተረዳ ተማሪ እዚህ ላይ አይደናገርም። ያልተረዳው ግን እንደ ገና ከሀ ይጀምራል።

አንድ ተማሪ ሳይገባው ቢሸመድድ ጉዳቱ የራሱ ነው። አንድ መምህር ሳይገባው ቢያስተምር ግን ጉዳቱ በየዓመቱ ለሚመጣው ክፍል ሁሉ ይተርፋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኛም ነው። ስለዚህ የሞገድ ግራፍ ባየን ቁጥር ዓይናችን ወደ ጉብታው ከመሮጡ በፊት ከሥር የተጻፈውን እናንብብ፤ ተማሪዎቻችንንም እንዲሁ እናስለምድ እላለሁ።