«ተመችቶሃል!»

መቼም እኛ አገር ለወፈረ ሰው ምርቃት አይጠፋም። «ፊትህ ሞላ እኮ!»፣ «ኧረ ተመችቶሃል!» ሲሉኝ የከረሙት ዘመዶቼ ክፉ አስበው አይደለም። ከ68 ኪሎ ወደ 51 ወርጄ፣ ሱሪዬ ከወገቤ እየወለቀ ስሄድ አይተውኛል። በጥቂት ወራት ውስጥ 66 ስገባ ደስ ቢላቸው ምን ይፈረዳል? እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሆዴን ሲቆርጠኝና ሲያስቀምጠኝ መጀመሪያ «አሜባ ነው» ተባልኩ፣ ቀጥሎ «ጨጓራ»። የአንጀት ቲቢ ነው ተብሎም ስድስት ወር መድኃኒት ዋጥኩ። በኋላ በኮሎኖስኮፒ ታይቼ ስሙ ታወቀ፤ ክሮንስ። የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አንጀትን የሚያስቆጣበት፣ ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒት የሚረጋጋ በሽታ ነው። ከቲቢ ለመለየት ባለሙያም ይቸገራል፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም።

የታዘዘልኝ ፕሬድኒሶሎን ነው። አልረግመውም፣ ከአልጋ ያነሳኝ እሱ ነው። ግን አንድ ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ሱሪዬ። ወገቡ አልዘጋ እያለኝ ጭኑ ላይ ይሰፋኛል። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሚዛኑ «ድነሃል» ይላል፣ እግሬ አይስማማም።

ከዚያ በ34 ዓመቴ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ጀርባዬ ቀጭ አለ። ራጅ ሲነሳ አንዱ የአከርካሪ አጥንቴ እንደተረገጠ ቆርቆሮ ተጨፍልቋል። ሐኪሙ ያለኝን አልረሳውም፤ «ፕሬድኒሶሎን በአጠቃላይ ስንት ወር ወሰድክ?» መቁጠር አቃተኝ። ሕመሙ በተነሳብኝ ቁጥር የድሮውን ልጣጭ ይዤ ሰፈር ፋርማሲ እሄድ ነበርና። ያለ ማዘዣ ይሸጡልኛል፣ እኔም እገዛለሁ። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

የሐኪም ቤቶቹን ድርሻ ደግሞ ልናገር። በዚያ ሁሉ ምልልስ ክብደቴ ተመዝኗል፣ ደሜ ታይቷል። ስለ አጥንቴ ግን አንድም ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩ ምስጢር ቢሆን አልናደድም ነበር። ፕሬድኒሶሎን አጥንት የሚሠሩትን ሕዋሳት ያደክማል፣ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ እንዳይገባና በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፣ ጡንቻን እያመነመነ ስቡን ፊትና ሆድ ላይ ይከምረዋል። አጥንት በፍጥነት የሚሳሳው ደግሞ መድኃኒቱ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። በሽታው ራሱም አጥንት ይበላል፤ የአንጀቱ መቆጣት ለአጥንትም ይተርፋል። በካናዳ ማኒቶባ ተጠንቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለ የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው በ40 በመቶ የበለጠ ስብራት እንደሚያጋጥማቸው አሳይቷል።

«ዴክሳ የሚባለው የአጥንት መለኪያ እኮ እንደ ልብ አይገኝም» የሚለኝ ሐኪም አለ። እውነቱን ነው። በር ላይ ያለው ሰልፍም ይታየኛል። ግን ማዘዣው ላይ አንድ መስመር ለመጨመር መሣሪያ አያስፈልግም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያ በቀን 2.5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለሚወስድ ሰው ሁሉ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይታሰብ ይላል፤ ከምግብም ከክኒንም ተደምሮ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም። ጉልበትን ለማየትም ወንበር ይበቃል፤ በሽተኛው እጁን ሳይደገፍ ስንቴ እንደሚነሳ መቁጠር ነው። ከሁሉም በላይ «ይህን መድኃኒት ለዘለዓለም አትወስደውም፣ ወደ አዛቲዮፕሪን ወይም ወደ ሌላ እናሻግርሃለን» ብሎ በጊዜ መንገር ይቻላል።

ምግቡም ቢሆን ውይይት ይፈልጋል። ወተት ሆዴን ስለሚነፋኝ ትቼዋለሁ፣ በጾም ደግሞ እርጎና አይብ የለም። ጤፍና ጎመን ካልሲየም እንዳላቸው፣ እንጀራዬ ሲያግዘኝ እንደኖረ የሰማሁት ግን ከተሰበርኩ በኋላ ነው። ፀሐይዋማ ነው በምንለው አገር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተዘግቶ የሚውል ሰው ቫይታሚን ዲ እንደሚያንሰውም እንዲሁ።

ክኒኑን እየዋጣችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ግን ፈርታችሁ ዛሬውኑ እንዳታቋርጡት። ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማመንጨት ስለሚያቆም በድንገት መተው ራሱ አደጋ ነው፤ ቀስ እየተባለ በሐኪም ነው የሚቀነሰው። ቀጠሮ ስትሄዱ «አጥንቴስ?» በሉ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ አገኘችኝና «ከሳህብኝ፣ ምነው?» ብላ አዘነች። አሁን 61 ኪሎ ነኝ። ደረጃውን ሳልቆም እወጣለሁ። ጀሪካኑን ግን እስካሁን የሚያነሳልኝ የወንድሜ ልጅ ነው።