የሩቅ መዝገብ ያዥ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ከነጋዴ ይበልጥ የሚያውቀው የለም። ዱቤ ወስዶ የሄደውን፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ የቀረውን፣ ዋጋ ጠይቆ ዝም ያለውን ሁሉ በልቤ ብቻ ልያዝ የሚል ሻጭ ውሎ አድሮ አንዱን ይረሳል፤ የረሳውንም ደንበኛ ጎረቤቱ ይወስድበታል። ስለዚህ ደብተር ይገዛል። ደብተሩ ሲበዛ ደግሞ መዝገብ ያዥ ይቀጥራል።

በዘመናችን ያ ደብተር ሶፍትዌር ሆኗል። ሲ.አር.ኤም. ይሉታል፤ በአጭሩ የደንበኞችና የሽያጭ መዝገብ ማለት ነው። ከነዚህ መካከል ስመ ጥሩው ሴልስፎርስ በ1999 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተቋቋመ። መዝገቡ በነጋዴው ቢሮ ባለ ኮምፒዩተር ውስጥ መቀመጡ ቀርቶ በኢንተርኔት አማካይነት የሚከፈት ሆነ። እንግዲህ መዝገቡ ከየትም ቦታ የሚከፈት ከሆነ፣ መዝገብ ያዡ ከጌታው ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ነገር የለም። «ቨርቹዋል አሲስታንት» ለሚባለው የሩቅ ረዳት ይህ ሥራ የተከፈተለት በዚህ ምክንያት ነው። ቀጣሪው በአሜሪካ፣ ተቀጣሪው በማኒላ ወይም በናይሮቢ ወይም በአዲስ አበባ ሆኖ ሥራው ይሠራል። በተለይ በፊሊፒንስ ከሩቅ ሆኖ መሥራት ለብዙ ወጣቶች የእንጀራ ገመድ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢመስልም ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። መዝገቡ ሲዘበራረቅባቸው «አንድ የሚያውቅ ሰው እንቅጠርና ይገላግለን» ይላሉ። ዳሩ ግን የሚቀጠረው ሰው የቱን ያህል ቢያውቅ ጌታው ያልወሰነውን ነገር ሊወስንለት አይችልም። በምሳሌ እንየው። የቡና ማፍያ መኪና ለሆቴሎች የሚሸጥ አንድ ኩባንያ አለ እንበል። በሴልስፎርስ ሥርዓት መጀመሪያ ጠይቆ የሄደ ሰው «ሊድ» ተብሎ ይመዘገባል። ቁም ነገረኛ ገዢ መሆኑ ሲታወቅ ይኸው አንድ መዝገብ ወደ ሦስት ይለወጣል፤ አንዱ ስለ ሆቴሉ፣ አንዱ ስለ ሰውየው፣ አንዱም ስለ ታሰበው ሽያጭ ይሆናል። ሽያጩም ዋጋ ከማቅረብ አንሥቶ ውል እስከ መፈረም ድረስ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል።

ታዲያ ቁም ነገረኛ ገዢ የሚባለው ማን ነው? በስልክ የጠየቀ ነውን? ዋጋ በጽሑፍ የተላከለት ነውን? ወይስ ግዢውን የሚፈቅደው ሹም ማን እንደ ሆነ የነገረን? ይህን አምስት ሻጮች በአምስት ዓይነት ከተረጎሙት በወሩ መጨረሻ የሚወጣው የሽያጭ ግምት የምኞት ዝርዝር እንጂ ሪፖርት አይደለም። ረዳቱም ያንኑ ምኞት አሳምሮ ከመጻፍ በቀር የሚያደርገው የለም። እንግዲያውስ ቀጣሪው ሰው ከመፈለጉ በፊት አንድ ወረቀት ይዞ ይቀመጥ፤ የየደረጃውን ትርጉም፣ ማን ምን እንደሚመዘግብ፣ በየትኛው ቀን ምን ሪፖርት እንደሚፈልግ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ ያቃተው ሰው ገና ለመቅጠር አልደረሰም።

ሁለተኛው ነገር የሰውየው ዕውቀት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለው፣ ሶፍትዌሩን አውቃለሁ ማለትና ማወቅ ልዩ ልዩ ናቸው። የምስክር ወረቀት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ የሚሻለው መፈተኛ ትንሽ ሥራ ከነክፍያው መስጠት ነው። የተዘበራረቁ ሁለት መቶ ስሞች ሰጥቶ «አስተካክልልኝ» ማለት ይበቃል። ስሞቹ ግን ለፈተና ተብለው የተፈጠሩ ይሁኑ፤ ገና ላልታመነ ሰው የደንበኛ ስልክ ቁጥር አይሰጥም። ጥሩ ሠራተኛ ዝርዝሩን እንደ ተቀበለ ወደ ሥራ አይሮጥም፤ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል። ምንም ያልጠየቀ ሰው ያጠራጥራል።

በዚህ ረገድ የአገራችንን ሰው ስም የሚያውቅ ረዳት ምን ያህል እንደሚጠቅም እንመልከት። ሶፍትዌሩ የተሠራው የቤተሰብ ስም ባላቸው አገሮች ልማድ ነው። የመጀመሪያ ስምና የመጨረሻ ስም ብሎ ይጠይቃል፤ የመጨረሻውንም ካልሞሉለት አያሳልፍም። እኛ ዘንድ ግን በመጨረሻ የሚጻፈው የአባት ስም ነው። ስለዚህ አልማዝ ከበደ የምትባል ደንበኛ «ውድ ወይዘሮ ከበደ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳትና በአባቷ ስም ትጠራለች። ጸጋዬ የሚለውንም ስም በላቲን ፊደል አንዱ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። አንዱ አቶ ጸጋዬ ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል፤ ሁለት ሻጮችም ሁለት ልዩ ልዩ ዋጋ ይዘው ይደውሉለታል። ከዚያ በኋላ አቶ ጸጋዬ ኩባንያውን ቢንቀው ማን ይፈርድበታል?

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የቁልፍ ጉዳይ ነው። ሴልስፎርስን ለመጠቀም የሚከፈለው በተጠቃሚ ቁጥር ስለ ሆነ፣ ቆጥቤአለሁ ባይ ነጋዴ አንዱን የይለፍ ቃል ለሦስት ሰዎች ያድላል። ይህ ቁጠባ ሊባል አይችልም። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ማን እንዳጠፋው አይታወቅም፤ ንጹሑም ከጥፋተኛው ጋር አብሮ ይጠረጠራል። ሶፍትዌሩ ማየትን፣ መለወጥን፣ መሰረዝን፣ ዝርዝሩን ገልብጦ ማውጣትን ለየብቻ ለመፍቀድ ያስችላል። ለአዲስ ረዳት ማየትና መጻፍ ይበቃዋል፤ የቀረው ሥልጣን ከእምነት ጋር ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። ሥራውን በለቀቀ ዕለትም ቁልፉ በዚያው ዕለት ይዘጋ።

የተሰረዘ መዝገብ በሴልስፎርስ ቅርጫት ውስጥ 15 ቀን ይቆያል፤ እስከዚያ ድረስ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ትክክለኛው ስልክ ቁጥር በስሕተት በሌላ ቁጥር ቢተካ ቅርጫቱ አያድነውም። አንድ ረድፍ ወደ ታች የተንሸራተተ ዝርዝር ቢጫን የሺህ ደንበኞች ስልክ በአንድ ጊዜ የጎረቤታቸው ይሆናል። ስለዚህ ብዙ መዝገብ ከመለወጥ በፊት የነበረውን ቅጂ አውጥቶ ማስቀመጥ የማይጣስ ደንብ ሊሆን ይገባል። መቼም መዝገቡ የነጋዴው ቢሆን በውስጡ ያለው ስምና አድራሻ የሰው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ስለዚህ ያወጣው ሕግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል፤ በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ስለ ደመወዝና ስለ ሰዓትም አንድ ቃል ልበል። በሳን ፍራንሲስኮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። የቀጣሪውን የሥራ ሰዓት ሙሉ ተከተል የተባለ ረዳት ሌሊቱን ሙሉ ሊነቃ ነው። መዝገብ ማጽዳትና ሪፖርት ማዘጋጀት ግን በማናቸውም ሰዓት ይሠራል፤ ለመነጋገር በቀን አንድ ወይም ሁለት የጋራ ሰዓት ይበቃል። ርካሽ ነው ብሎ የቀጠረና እንደ ርካሽ የያዘ ቀጣሪ ሠራተኛው በጥቂት ወራት ይሸሸዋል፤ የመዝገቡንም ጠባይ ለአዲስ ሰው እንደገና ሲያስተምር ይኖራል።

«ዛሬ ማሽኑ ራሱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ረዳት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲስ ሶፍትዌሮች ለደንበኛ መልስ እስከ መስጠት ደርሰዋል። ነገር ግን ማሽኑም የሚያነበው ይህንኑ መዝገብ ነው። መዝገቡ አቶ ጸጋዬን ሁለት ሰው ካደረገው ማሽኑ ለሁለቱም ይጽፍላቸዋል፤ ያውም ከሰው ይልቅ ፈጥኖ።

ይህን ሁሉ ለተማሪና ለመንግሥት ሠራተኛ መጻፍ ምን ይረባል የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ይረባል። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ዶሴ በቁጥሩ የሚያኖር፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግብ፣ የሰው ጉዳይ በአደባባይ የማያወራ ወጣት ሥራውን እንደ ዝቅተኛ ሲቆጥረው ይታያል። የሩቁ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ግን ይህንኑ ጠባይ ነው። የሶፍትዌሩን አዝራሮች በጥቂት ወራት መማር ይቻላል፤ ሴልስፎርስ ራሱ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትሬይልሄድ በሚባለው ትምህርቱ በነጻ ያስተምራል። የተምታታውን ስም ሳያጣራ የማያልፍ፣ በአደራ የተሰጠውን ቁልፍ የሚያከብር ሰው መሆን ግን ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ባለው ዶሴ ሊጀመር ይችላል።