የሁለቱ መርማሪዎች ጠብና የሦስተኛው ሰው ዘረፋ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ የሚቆም ነገር አለመሆኑ የታወቀ ነው። ይሁንና ይህ እውነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ታላላቅ ቴአትሮችና ልብ ወለዶች በሚነገርበት ጊዜ ብቻ ነው። ሠርቶ አደሩ ከቀን ድካሙ በኋላ ተቀምጦ የሚያያቸውን፣ ወጣቶች በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ተጋፍተው ያደጉባቸውን የካራቴና የፖሊስ ፊልሞች በተመለከተ ግን ሁለት የተሳሳቱ አቋሞች ይታያሉ። አንዱ ወገን “ተራ መዝናኛ ነው” ብሎ በንቀት ያልፋቸዋል፤ ሌላው ወገን “የወጣቱን አእምሮ መበከያ ነው” ብሎ በጅምላ ያወግዛቸዋል። ንቀትም ሆነ ውግዘት ከመመርመር ግዴታ አያድንም። ሰፊው ሕዝብ በምን እንደሚስቅ ያልመረመረ ሰው፣ ሕዝቡ በምን እንደሚያለቅስም በቅጡ ሊያውቅ አይችልም።

ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ተሠርቶ ዓለምን ያዳረሰውን “ረሽ አወር” የተባለውን ፊልም እንውሰድ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በብሬት ራትነር አዘጋጅነት 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ፣ በ2001 እና በ2007 ተከታዮቹ የወጡለት ፊልም ነው።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የቻይናው ቆንስል የሃን ትንሽ ልጅ ሱ ዩንግ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትጠለፋለች። ጠላፊዎቹም 50 ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃሉ። አባት ለልጁ የትግል ጥበብ ያስተምራት የነበረውን ወዳጁን፣ የሆንግ ኮንጉን መርማሪ ሊን ያስጠራል። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ግን የውጭ ሰው በጉዳዩ እንዲገባ አይፈልግምና የከተማው ፖሊስ አንድ ሰው እንዲያውሰው ይጠይቃል። የተፈለገው ሰው ሥራ እንግዳውን እያዞሩ ማዋልና ከምርመራው ማራቅ ነው። ለዚህ የሞግዚትነት ሥራ የሚመደበው፣ አለቆቹ የሰለቹት ጥቁሩ መርማሪ ካርተር ነው። ሊን ሆኖ የሚጫወተው ጃኪ ቻን፣ ካርተርን ሆኖ የሚጫወተው ክሪስ ታከር ነው። አንዱ ቁጥብና ዝምተኛ፣ ሌላው ለፍላፊና ጉረኛ፤ አንዱ በእጁ፣ ሌላው በምላሱ የሚዋጋ። የፊልሙ ሳቅ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አለመመሳሰል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቅራኔዎቹን ለይተን ማየት ያሻል። በሊና በካርተር መካከል ያለው ጠብ የሁለት የተናቁ ሰዎች ጠብ ነው። ሁለቱንም ከሥራው ያገለላቸው አንድ ቢሮ ነው። አንደኛው እንደ ዕቃ ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚረከቡት እንግዳ፣ ሁለተኛው ትልቅ ኃላፊነት የተሰጠው መስሎት ተደስቶ ሲሄድ የተቀለደበት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እነርሱ ግን የናቃቸውን ትተው እርስ በርስ ይናናቃሉ። ካርተር በቻይናዊው አነጋገር ይቀልዳል፤ ሊም በትዕግሥት ያስተውለዋል። ይህ ንዑስ ቅራኔ ነው። ዋናው ቅራኔ ከሌላ ወገን ጋር መሆኑን ተመልካቹ የሚረዳው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው።

ሳቁ ራሱ ባዶ ሳቅ አይደለም። በአንድ ትዕይንት ላይ ካርተር የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በዓለም የተጠላ መሆኑን፣ የገዛ እናቱ እንኳ በሥራው አፍራ ልጄ አደንዛዥ ዕፅ ሻጭ ነው እያለች ለሰው እንደምታወራ ይናገራል። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ፊልሙ ከመውጣቱ 6 ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ ምን እንደ ደረሰ የሚያስታውስ ሰው ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። በ1991 ሮድኒ ኪንግ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊሶች ዱላ ሲቀጠቀጥ በካሜራ ተቀረጸ። በኤፕሪል 1992 የተከሰሱት ፖሊሶች ጥፋተኛ አይደሉም በመባላቸው ከተማይቱ ነደደች። ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሕይወት አለፈ። በፍርድ ቤት ላይ የተነሣው ቁጣ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ሳይደርስ፣ በጥቁሮች ሰፈር ይነግዱ የነበሩ የኮሪያ ተወላጆች ሱቆች በብዛት ተቃጠሉ። ድሀ ከጎኑ ካለው ጋር ሲጋጭ፣ ፈራጁ በሩቅ በሰላም ተቀምጦ ነበር። ጥቁርና እስያዊን በአንድ መኪና አስቀምጦ የሚያስቀው ፊልም የመጣው ከዚህ እሳት በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሌላው መታየት ያለበት በፑል መጫወቻ ቤቱ ውስጥ ያለው ትዕይንት ነው። ካርተር ጥቁር ወዳጁን፣ ጥቁሮች እርስ በርሳቸው እንደ ሰላምታ በሚለዋወጡት፣ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን የባርነት ዘመን ስድብ በሚሆን ቃል ሰላም ይለዋል። ሊ ሰላምታ መስሎት ቃሉን ይደግመዋል። ወዲያው ጠብ ይነሣል። የሰውየው ልብ ንጹሕ ነበር፤ ቃሉ ግን የራሱ ታሪክ ነበረው። ብዙ ሰው ከዚህ ትዕይንት የሚያስታውሰው የጃኪ ቻንን ቡጢ ነው፤ ለእኛ ግን ትምህርቱ ያለው ከቡጢው በፊት በተነገረችው አንዲት ቃል ላይ ነው።

ሁለቱ ሰዎች የሚቀራረቡት በስብከት አለመሆኑ የፊልሙ ብርቱ ጎን ነው። ሊ ካርተርን ከባላጋራ እጅ ሽጉጥ የመንጠቅ ብልሃት ያስተምረዋል፤ ካርተር ደግሞ ለሊ ጭፈራ ያስተምረዋል። የሁለቱም አባት ፖሊስ እንደ ነበሩ ይነጋገራሉ፤ የማን አባት ይበልጣል ብለውም እንደ ሕፃናት ይከራከራሉ። የካርተር አባት የሞቱት የሥራ ባልደረባቸው ባለመድረሱ ነበር። ሰውየው ብቻዬን ልሥራ የሚለው ከትዕቢት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ቁስል የተነሣ ነው። በመጨረሻ ሊ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ሲወድቅ፣ ካርተር ትልቅ ጨርቅ ዘርግቶ ይቀበለዋል። ለአባቱ ያልደረሰለት እጅ በልጁ በኩል ለሌላ ሰው ደረሰ ማለት ነው። ጓድነት በቃል አይታወጅም፤ የሚወድቀውን በመያዝ ይረጋገጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ፊልሙ የሚጀምረው በ1997 እንግሊዝ ሆንግ ኮንግን ለቻይና በምታስረክብበት ዋዜማ ነው። ሊ በዚያች ሌሊት ጁንታኦ ከተባለ የወንበዴ አለቃ ጥንታዊ የቻይና ቅርሶችን ያስጥላል። ጁንታኦን ፊቱን ያየው የለም። በመጨረሻ ሲጋለጥ፣ ለካስ የቻይና ስም የያዘው ሰው በሆንግ ኮንግ ፖሊስ ውስጥ አዛዥ የነበረ፣ የቆንስሉ የቅርብ ወዳጅ መስሎ ሲገባና ሲወጣ የቆየ ግሪፊን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ቤዛውንም ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አድርጎ የጠየቀው፣ ስንት ዘመን ጠብቄ ያቆየኋቸው ቅርሶች ተወስደውብኛልና ካሣ ይገባኛል በሚል ነው። ዘራፊ ከተዘረፈው ካሣ ሲጠይቅ ይታያችሁ!

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ሆንግ ኮንግን የያዘችው በኦፒየም ጦርነት አስገድዳ በ1842 ነበር። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ ገብቶ የነገሥታቱን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ፤ እንግሊዞቹም አቃጠሉት። በዚያ ዘመቻ አንዱን ክፍለ ጦር የመራው መኮንን ሮበርት ናፒየር ይባላል። አንባቢ ስሙን ያውቀዋል። በ1868 መቅደላ ላይ ጦር ይዞ የመጣው፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ታቦቶቻችንና የብራና መጻሕፍታችን በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሲሄዱ ያዘዘው ይኸው ሰው ነው። ከጦሩም ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ አብሮ ዘምቶ ነበር። ከተወሰደው ብዙው ዛሬም ለንደን ነው። “ባንወስደው ኖሮ ይጠፋ ነበር፤ ጠብቀን አቆየንላችሁ” የሚለው ክርክርም የግሪፊን ክርክር ነው። ስለዚህ በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ሊ በአንድ በኩል እየተደባደበ በሌላ በኩል ጥንታዊ የአበባ ማስቀመጫዎቹ እንዳይሰበሩ ሲደግፍ፣ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ከሳቁ ጋር የሚሰማው ሌላ ስሜት ቢኖር አያስደንቅም።

ፊልሙ ይህን ሁሉ ቢያሳይም መርምሮ አይጨርስም። ዋናውን ቅራኔ ለመጨረሻው ደቂቃ ድንገተኛ ማስገረሚያ አድርጎ አስቀምጦ፣ መቶ ደቂቃ ያህሉን ለንዑሱ ጠብ ሰጥቶታል። አንድ ክፉ ሰው ሲወድቅ ዘረፋው ያበቃ ያስመስላል። ካርተር የኤፍ ቢ አይን መታወቂያ ሲሰጡት አልፈልግም ማለቱ ቢያስደስትም፣ የከተማው ፖሊስ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። የከበርቴው ሲኒማ ልማድ ይህ ነው፤ ጥያቄውን ያነሣል፣ መልሱን ለሳቅ ይሸጣል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም መናቅ የለበትም፤ እርሱም ሥራው ነው። ጃኪ ቻን በ1954 በሆንግ ኮንግ ከድሀ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ በቤጂንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ገብቶ አሥር ዓመት ያህል በዱላና በልምምድ ያደገ ሰው ነው። በ1985 በወጣው የፖሊስ ፊልሙ አምፖል በተጠመጠመበት ምሰሶ ላይ ሲንሸራተት እጁ ተቃጥሏል፤ ቀጥሎ በሠራው ፊልም ዩጎዝላቪያ ውስጥ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ለሞት ደርሶ ነበር። በእያንዳንዱ ዝላይ ጀርባ ስማቸው በስክሪኑ ግርጌ በፍጥነት የሚያልፍ ወዳቂዎችና ተወርዋሪዎች አሉ። በ“ረሽ አወር” ማብቂያም የቀረጻ ስሕተቶች ይታያሉ፤ በአንዱ ክሪስ ታከር ጥቂት የቻይና ቃላት መናገር ሲያቅተው፣ ጃኪ ቻን የእኔን እንግሊዝኛ ችግር አሁን አያችሁ እንደ ማለት ይቀልዳል። ሲቀለድበት የቆየው ሰው ሚዛኑን አስተካከለ።

እኛም በፋብሪካው፣ በግቢውና በሰፈሩ በጎረቤታችን አነጋገርና ትውልድ እንቀልዳለን። ቀልዱ እንደ ጭፈራውና እንደ ሽጉጥ ማስጣሉ ሁለት ወገን የሚማማርበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፑል ቤቱን እንዳመሰው ቃል ጠብ ሊወልድ ይችላል። ስለዚህ ፊልሙን ለማየት የተቀመጠ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ከልጆቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ሦስት ጥያቄዎች ይወያይ። የሳቅነው በማን ላይ ነው? ሁለቱ ሲጣሉ ዕቃውን የሚያወጣው ማን ነው? የሚወድቀውንስ ለመያዝ ጨርቁን የሚዘረጋው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ተመልካች በሳቁ አይታለልም፤ ሳቁንም መተው አያስፈልገውም።