በመጀመሪያ ደሙ ይመርመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ወባ ግን ሕመምተኛው ሳይደብቀው ራሱ ይደበቃል፤ መኖሪያው በደም ውስጥ ነውና።

በቆላው አገራችን ሰው ሲያተኩሰውና ሲያንቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ «ወባ ነው» ተብሎ ክኒን ይገዛለታል። ነገር ግን ግርሻም፣ ተስቦም፣ የአንጀት ተስቦም እንዲሁ ያተኩሳሉ። ወባም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በአገራችን በብዛት ከሚገኙት ሁለቱ ፋልሲፓረም የተባለው ፈጥኖ ሊገድል ይችላል፤ ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ በጉበት ተሸሽጎ ቆይቶ ይመለሳል። መድኃኒታቸውም ይለያያል። ስለዚህ በግምት የሚሰጥ ክኒን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ እውነተኛው በሽታ ሥር እንዲሰድ ጊዜ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወባ የተጠረጠረ ሁሉ ከመታከሙ በፊት እንዲመረመር ይመክራል።

ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም አልፎንስ ላቬራን የወባን ተውሳክ በአልጄሪያ በማይክሮስኮፕ ያየው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬውም ምርመራ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ከጣት የተወሰደ ደም በመስተዋት ላይ ተደርጎ በጊምሳ ቀለም ይቀለማል። ወፍራሙ ጠብታ ተውሳኩ መኖሩን፣ ስሱ ደግሞ ዓይነቱን ያሳያል። የግርሻ ተሐዋሲም በዚያው መስተዋት ላይ ሊታይ ይችላል።

አንዳንዶች «ማይክሮስኮፕ መብራት ለሌለው ገጠር አይሆንም፤ ፈጣኑ መመርመሪያ ይበቃል» ይላሉ። ይህ መመርመሪያ ጤና ኬላዎችን እጅግ መርዳቱን አልክድም። ሆኖም ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማያወጣ የፋልሲፓረም ተውሳክ በኤርትራና በኢትዮጵያ ተገኝቷል። እንግዲህ ተውሳኩ በደም ውስጥ እያለ መመርመሪያው «የለም» ሊል ይችላል ማለት ነው። ማይክሮስኮፕ ግን ብርሃን የሚመልስ መስተዋት ካለው በቀን ብርሃን ይሠራል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚቸግረው በትዕግሥት የሚያይ የሠለጠነ ዓይን ነው።

ታዲያ እኛ ተማሪዎች ምን መሆን እንደምንፈልግ ስንጠየቅ «ሐኪም» ወይም «መሐንዲስ» እንላለን። «የላቦራቶሪ ባለሙያ እሆናለሁ» ያለ ጓደኛ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የላቦራቶሪው ሰው ከተሳሳተ ግን ሐኪሙም ይሳሳታል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ሲያተኩሰው ሳትዘገዩ በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሩ። መምህራን ሆይ፣ ማይክሮስኮፑን ከሣጥን አውጡልንና ማየትን አስተምሩን። ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን ሙያ አትናቁት፤ የአንድ ሕፃን ሕይወት በእናንተ ዓይን ሊድን ይችላል።