ጣውላው ላይ ቁሚ!

ከጥቂት ዓመታት በፊት መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን አንግሼ ስመለስ፣ እዚያው አምባሰል ወረዳ ውስጥ ውጫሌ ከተማ ከምትኖረው አክስቴ ቤት አደርኩ። ጉልበቴ የአምባውን ቁልቁለት ገና አልረሳውም። አክስቴ ግን «እንግዳ መጣልኝ» ብላ ቄጠማውን ጎዝጉዛ፣ ቡናውን አቀራርባ ሽር ጉድ ትላለች። ልጇ እንጀራ ልትጋግር ወደ ጓዳ ስትገባ፣ አክስቴ ከተቀመጠችበት ሆና ጮኸች።

«ጣውላው ላይ ቁሚ!»

ምን ማለቷ ነው ብዬ ልጅቱን ተከተልኳት። ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ፊት ለፊት፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ፣ አንዲት ቁራጭ ጣውላ ተነጥፋለች። ልጅቱ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ እሷ ላይ ወጥታለች። አክንባሎውን የምትከፍተው በደረቅ ጨርቅ ይዛ ነው። ሙቀቱን ፈርታ መስሎኝ ነበር።

«አክስቴ፣ ይሄ ምጣድ ይነዝራል እንዴ?»

«ትንሽ ትንሽ ነው ልጄ። ሲዘንብ ነው የሚብሰው። አብሽር፣ ለምደነዋል። አምና ብቻ ጣውላውን ረስታ በእርጥብ እግሯ ብትገባ ወርውሮ ጣላት። ማርያም ናት ያወጣቻት።»

ማርያም ማውጣቷን አልጠራጠርም። ከደጇ መመለሴ ነው። ግን እስከ መቼ ነው እመቤታችንን የኤሌክትሪክ ጠጋኝ አድርገን የምንኖረው? ምጣዱን የሠራው ሰው፣ ሽቦውን የዘረጋው ሰው፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው፣ ሁሉም ድርሻውን ጥሎ ሥራው ለእሷ ብቻ ተረፈ ማለት ነው።

«አርዝ የለውም?» አልኩ።

የአክስቴ ባል ቅር አላቸው። «እንዴት የለውም? ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው'ኮ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ቀዳዳው ሦስት ነው። በማግስቱ ሙያው ያለው አንድ ዘመዳችንን ጠርተን፣ ከቆጣሪው ሥር ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ ኮረንቲ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጦ ሶኬቱን ፈታው። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ በቦታው በብሎን ታስሮ ቁጭ ብሏል። የአክስቴ ባል በድል አድራጊነት አዩኝ። ልጁ ግን በዚያ አላበቃም። ሽቦውን ተከትሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ስካቶላ ከፈተ። ሦስት አረንጓዴ ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘው ናስትሮ ተጠምጥሞባቸዋል። ናስትሮው በሙቀት ብዛት ደርቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይቀረፋል። ልጁ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ሳብ ሲያደርግ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ሽቦ ሹልክ ብሎ እጁ ላይ ቀረ። ውጭ ወጥተን ስናይ ደግሞ፣ ከቤቱ ጥግ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ተቸክሏል። ሽቦው እሱ ላይ እንደ በግ ገመድ ተጠምጥሞ፣ ሁለቱ በዝገት ተለያይተዋል።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። አርዝ አለኝ በግድግዳ።

መቼም ይህ የአክስቴ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን የሚነዝር ምጣድ፣ የሚነዝር ማቀዝቀዣ፣ የሚነዝር የገላ መታጠቢያ ውሃ ያላየ ማነው? እኛ መነዘርን እንደ ጉንፋን ቆጥረነዋል። «ይነዝራል» እንልና መፍትሔ ብለን ጣውላ እናነጥፋለን። መነዘር ግን ጠባይ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ሞት በሩን አንኳኩቶ የሄደበት ድምፅ ነው።

እኔ ጥፋቱ ከቋንቋችን ይጀምራል ባይ ነኝ። ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን ጠራነው። «መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ፣ መብራት አስገባሁ» እንላለን። ድርጅቱንም ለዘመናት «መብራት ኃይል» ስንለው ኖረናል። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራውን መጨረሱን የምናውቀው አምፖሉ ሲበራ ነው። በራ፣ አጨበጨብን፣ ከፈልን። አርዝ ግን ምንም አያበራም። ምጣድ አያግልም፣ ቴሌቪዥን አያስከፍትም። ቢኖርም ባይኖርም ቤቱ ያው ነው። ሥራው በዕድሜው አንድ ቀን፣ ምናልባትም ለግማሽ ሰከንድ ነው። ያቺ ቀን ስትመጣ ታዲያ፣ በናስትሮ የተጠቀለለችው ያቺ ቋጠሮ ናት በሰው ሕይወት ላይ የምትፈርደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ውስጡ ያለው የሚግለው ሽቦ ተበጥሶ ወይም ሽፋኑ ረግፎ ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ፣ ብረቱ በሙሉ ኮረንቲ ይሆናል። አርዙ ደህና ከሆነ ኮረንቲው በእሱ በኩል መውጫ ያገኛል፤ መከላከያውም ደርሶበት ያጠፋዋል። አርዙ ከተበጠሰ ግን ኮረንቲው ብረቱ ላይ ተቀምጦ እግሯ እርጥብ የሆነ ሰው ይጠብቃል። የሰውን ልብ ምት ለማወክ ደግሞ 16 አምፔር አያስፈልግም። ከዚያ ከአምስት መቶ አንድ እጅ የሆነችው 30 ሚሊአምፔር እንኳ የአደጋው ደጃፍ ላይ ናት።

«እኔ ብሬከር አለኝ» የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦህን እንጂ አንተን አይደለም። ሽቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይግል ነው የተሠራው። ባለ 20 አምፔር ብሬከር አንተን ገድሎ የሚተርፍ ኮረንቲ ሲያልፍ ዓይኑን አያሽም።

አሁን ወደ ቋጠሮዋ ልመለስ። ውጫሌ ላይ ሆኖ ስለ መጥፎ መገጣጠሚያ ማሰብ ታሪክን ማስታወሱ አይቀርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል በዚህች ቦታ ስም ይጠራል። አንቀጽ 17 በአማርኛው ሌላ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነበር። ከላይ ሲያዩት የተያያዘ፣ ውስጡ ግን ያልተነካካ። ያ ያልገጠመ መገጣጠሚያ እሳት ሆኖ የነደደው በ1888 ዓድዋ ላይ ነው። ጣሊያን ሄደ፤ የሙያው ቃላት ግን ቀሩልን። ናስትሮ፣ ስካቶላ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሴቶ። የሚገርመው፣ ቃሉን ይዘን ዕቃውን መርሳታችን ነው። ሞርሴቶ የሚባል ነገር የተፈጠረው ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ እንዳይጠቀለል ነበር'ኮ!

ሽቦ ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። በእጅ የተጠመዘዘ ቋጠሮ ይህን ሺህ ጊዜ ሲደጋግም ይላላል። ናስትሮ ደግሞ ሽፋን እንጂ ማሰሪያ አይደለም። ስለዚህ የአርዝ ሽቦ የሚገጣጠመው በማያያዣ ነው። በየትኛው ቢሉ፣ ሱቅ ስትሄዱ የሚከተለውን ጠይቁ።

ማያያዣው ላይ የሚችለው የሽቦ ውፍረት፣ አምፔርና ቮልት ተጽፎበታል ወይ? ለቤት ውስጥ ማያያዣዎች አይኢሲ 60998 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ምንም ያልተጻፈበትን፣ ፕላስቲኩ በጥፍር የሚጫረውን፣ ብሎኑ ሁለት ዙር ሳይዞር የሚሸራተተውን ለሻጩ መልሱለት። ለምጣድ መስመር 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ዘርግታችሁ፣ ለ1.5 የተሠራ ሞርሴቶ ውስጥ ግማሹን ክር ቆርጦ ማስገባት ራስን ማታለል ነው። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ሽቦ ደግሞ ብሎኑ በቀጥታ ከተጫነው ክሩን ይበጥሰዋል፤ ጫፉን የሚሰበስብ የመዳብ እጅጌ ይፈልጋል። እንደ ዋጎ ያሉ፣ በብሎን ፈንታ ሽቦውን በስፕሪንግ ነክሰው የሚይዙ ማያያዣዎችም አሉ። እነሱ በሙቀትና በቅዝቃዜ አይላሉም፤ አስመስለው ከተሠሩት መጠንቀቅ ግን የእናንተ ፈንታ ነው። ማንኛውም ዓይነት ይሁን፣ ከታሰረ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ ሳብ ተደርጎ ይፈተን። በሁለት ጣት ከወጣ አርዝ አይደለም።

መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ አይጋቡም። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ መገጣጠሚያው ይግላል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አለ። ውጭ መሬት ውስጥ የሚቀበረውም ፌሮ መሆን የለበትም፤ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ነው፤ ሽቦው የሚታሰርበትም የነሐስ ማሰሪያ እንጂ ጥምጥም አይደለም። ያ ማሰሪያ ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ በየዓመቱ የሚታይ መሆን አለበት። በሲሚንቶ የተቀበረ መገጣጠሚያ የተቀበረ ምስክር ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ብልጥ ነው። አርዝ መቅበር ሲሰለቸው ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉንና አርዙን በአንዲት አጭር ሽቦ ያገናኝና «አርዝ ሠራሁልዎት» ይላል። ይሄ ግድየለሽነት ብቻ አይደለም፤ ወጥመድ ነው። የዚያ መስመር ኒውትራል የተበጠሰ ዕለት፣ ከዚያ ሶኬት ጋር የተያያዘው ብረት በሙሉ ኮረንቲ ይለብሳል፤ ዕቃው ምንም ብልሽት ሳይኖርበት። ሌላው የቤቱን አርዝ ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስራል፤ ከዚያ የብረቱ ቧንቧ ወልቆ ፕላስቲክ ሲገባ አርዙም አብሮ ሄደ። ማንም አላወቀም፤ መብራቱ ይበራላ!

እንደ አምባሰል ባለ ድንጋያማ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድንጋይ ኮረንቲ አይወድም። ዘንጉ በደንብ ተቀብሮ እንኳ የመሬቱ ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት የሚያስተላልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ነው፤ ባለ 20 አምፔሩ ብሬከር ከእንቅልፉ አይነሳም። ከሰልና ጨው የሚጨምሩ አሉ። ጨው ለጊዜው ይረዳል፤ ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። መድኃኒቱ በ30 ሚሊአምፔር የሚያጠፋ፣ የሚያፈተልክ ኮረንቲ የሚቆጣጠር ብሬከር መጨመር ነው። እሱ ካለ በድንጋይ ላይ የተቀበረ አርዝም ሥራውን ይሠራል፤ መገጣጠሚያው እስካልተበጠሰ ድረስ። ዞሮ ዞሮ ወደዚያችው ቋጠሮ መመለሳችን ነው።

«እኛ ድሆች ነን፣ ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉኝን አላምናቸውም። አክስቴ ቤት ጂፕሰም ያለው ኮርኒስ አለ። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው። ማያያዣዎቹ ሁሉ ተደምረው የአንዲት ካሬ ሴራሚክ ዋጋ ቢሆኑ ነው። ችግሩ ገንዘብ አይደለም። ሴራሚኩን እንግዳ ያየዋል፤ ሞርሴቶውን ማንም አያየውም። ሳሎኑ የእንግዳና የባልየው ነው፤ ምጣዱ የሴት ነው። ሳሎን ውስጥ ያለው ሶፋ ቢነዝር ኖሮ፣ የቤቱ አባወራ ጣውላ አንጥፎ ይቀመጥ ነበር? በዚያው ቀን ነበር ሠራተኛ የሚጠራው! ጓዳ ውስጥ ሲሆን ግን «ጣውላው ላይ ቁሚ» ይበቃል። ሚስት፣ ልጅ፣ ይልቁንም ከገጠር ትናንት የመጣች የቤት ሠራተኛ፤ ጣውላው ለምን እንደተነጠፈ እንኳ ማንም ያልነገራት። አንድ ቀን ስትወድቅ ደግሞ «የቀን ጎዶሎ ነው» ይባላል። ቀኑ ምን አደረገ? የጎደለው ማያያዣው ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ የሚደነግገው የሕንፃ ኮድ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ሰው እንዲሠራ ይፈልጋል። ግን ሕግ ስካቶላ አይከፍትም። ስካቶላውን የሚያስከፍተው ከፋዩ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «አርዙ የታሰረበትን አሳየኝ።» ዋናው ጠፍቶ፣ ክዳኑ ይከፈት፤ ሽቦው ይሳብ፤ መለኪያ ካለው ይለካ። የሚያኮርፍ ሠራተኛ ካለ ያኮርፍ። የኮራበትን ሥራ ማሳየት የሚከብደው ባለሙያ የለም።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለግማደ መስቀሉ የሚገባውን መስቀለኛ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ ግሸን ላይ እንደደረሰ በትውፊት ይነገራል። እኛ ያንን ተራራ በየዓመቱ እንወጣለን፤ ለልጃችን ሕይወት የሚሆን ማያያዣ ለመግዛት ግን ወደ ሁለተኛው ሱቅ መሻገር ይከብደናል።

የአክስቴ ምጣድ አሁን አይነዝርም። ልጅቱ ግን ወራት እስኪያልፉ ድረስ እግሯ ጣውላውን ይፈልግ እንደነበር አክስቴ ነግራኛለች። እናንተስ፣ ጓዳችሁ ውስጥ ጣውላ አለ? ካለ ዛሬውኑ ስካቶላውን አስከፍቱ።