ዝናቡም ፍሳሹም በየመንገዱ ይሂድ

ሰኔ ከገባ ጀምሮ በግቢያችን የሚታይ አንድ ነገር አለ። ብርቱ ዝናብ በጣለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በምድር ቤቱ መታጠቢያ ወለል ላይ ያለው ቀዳዳ ውሃ መቀበሉን ትቶ መመለስ ይጀምራል። እኛ ጫማችንን አልጋ ላይ እናወጣለን፤ የጽዳት ሠራተኞች እናቶቻችን የመጸዳጃውን እድፍ በባልዲ ይቀዳሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ ነገሩ ይረሳል። እስከ ዛሬ «ቱቦው ተደፍኖ ነው» እያልን አልፈነዋል። የተደፈነ ቱቦ ግን በጋውን ሙሉ ያለ ችግር ባልሠራ ነበር። እንግዲህ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት፣ በከተማችን የፍሳሽ መስመርና የዝናብ ውሃ መውረጃ የተለያዩ እንዲሆኑ ታስቦ ነው የተሠሩት። የመጸዳጃና የማእድ ቤት እጣቢ በጠባብ ቱቦ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ የዝናቡ ውሃ ደግሞ በቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የፍሳሹ ቱቦ የሚለካው በሰው ቁጥር እንጂ በክረምት ዝናብ መጠን አይደለም።

ይሁን እንጂ ከጣሪያችን የሚወርደውን አሸንዳ ተከትለን ብንመለከት፣ አንዳንዱ የሚያልቀው በቦዩ ሳይሆን በፍሳሹ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ሠሪው የቀረበውን ጉድጓድ አይቶ አገናኘው፤ ማንም አልጠየቀውም። «የዝናብ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስለዚህ እናስላው። የ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 3,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል። አንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ፍሳሽ ይለቃል ብንል፣ ይህ አንድ ጣሪያ በአንድ ዶፍ የ50 ሰዎችን የሙሉ ቀን ፍሳሽ ያህል በመስመሩ ላይ ይጭናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ 10,000 ቢሆን 30,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቀድሞ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ይቀበል የነበረው የቃሊቲ ማጣሪያ፣ ከተስፋፋ በኋላ እንኳ የታቀደለት በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። ከእርሱ ወደ ሢሶ የሚጠጋውን በአንድ ዝናብ እንወስድበታለን ማለት ነው። ያውም በማጣሪያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ደቂቅ ሕዋሳት በጎርፍ ከታጠቡ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ሥራው ወዲያው አይቃናም።

ሁለተኛው ሌባ ከመሬት በታች ያለው ነው። በብዙው የከተማችን ክፍል ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እንዲህ ሲገፋና ሲስብ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ይላቀቃል። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል በዚያው ስንጥቅ ይገባል። በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ፍሳሹ ወደ መሬት ይሰርጋል።

መስመሩ የማይችለው ውሃ ሁሉ መውጫ መፈለጉ አይቀርም። ከፍ ካለው ሰፈር የገባው በዝቅተኛው ሰፈር ድሃ ቤት ወለል ይወጣል፤ ወይም የጉድጓዱን ክዳን አንሥቶ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። በዚያ ወንዝ ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል።

የለንደን አሮጌው መስመር ከመጀመሪያው ዝናቡንም ፍሳሹንም አብሮ እንዲወስድ የተሠራ ነው። ከተማይቱ ቴምዝ ወንዝ የሚገባውን ትርፍ ለመያዝ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ መቆፈር ግድ ሆኖባት፣ ሥራው በ2025 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቷል። እኛ ግን ሁለቱ መንገዶች ተለይተው ተሰጥተውን ሳለ፣ በገዛ እጃችን እየቀላቀልን ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ጎርፍ ቤቱ ሲገባበት የፍሳሹን ክዳን ከፍቶ ውሃውን የሚያስገባ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። በደጁ ቦይ የለም፤ ቢኖርም በፕላስቲክ ጠርሙስና በፌስታል ተሞልቷል። ከጠርሙሱም የኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለዝናቡ መሄጃ ሳያዘጋጁ አሸንዳውን ቁረጥ ማለት፣ ጎርፉን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ቦዩ ይቅደም፤ ቅጣቱ ይከተል።

መፍትሔው የማይታወቅ ሆኖ አይደለም። በመስመሩ ጢስ በማራገቢያ ቢነፋ፣ የተደበቀው አሸንዳ በጣሪያ ላይ ጢስ በመትፋት ራሱን ያጋልጣል። ሰው ሁሉ በተኛበት በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈሰው ቢለካ፣ ከመሬት የሚገባው ውሃ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። የተሰነጠቀውንም ቱቦ መንገድ ሳይቆፍሩ ከውስጥ በሚደርቅ ሽፋን ማደስ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሥራ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? ማዘጋጃ ቤቱን ከመውቀሳችን በፊት ከግቢያችን እንጀምር። አንደኛ፣ የምሕንድስና ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው በየአሸንዳው ቀለም ያለው ውሃ በማፍሰስ፣ የትኛው ወደ ፍሳሹ እንደሚገባ በካርታ ላይ ያስፍሩ። ሁለተኛ፣ አስተዳደሩ ካርታውን ተቀብሎ ከመጪው ክረምት በፊት አሸንዳዎቹን ወደ ቦይ ይመልስ። ሦስተኛ፣ ቦዩን የመጥረጉን ሥራ ማኅበራችን በየወሩ በተራ ይያዘው። ይህን ስንፈጽም፣ ማንኛውም አዲስ ሕንፃ የአሸንዳው መድረሻ ሳይታይ ፈቃድ እንዳያገኝ ከተማውን ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። አስተዳደሩ መልስ ካለው ይህ ገጽ ክፍት ነው። እስከዚያው ግን እነዚያ እናቶች የኛን ጣሪያ ውሃ በባልዲ መቅዳታቸው ሊያሳፍረን ይገባል።